የውጭ አገር ስም፣ ቁጥርና አድራሻ በስልክ ማውጫ ላይ እንዴት ይመዝገብ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ አለኝ። ስልኬ ላይ ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከቻይና፣ ከዱባይና ከአሜሪካ የሚመጡ ደንበኞች፣ በየአገሩ ያሉ ዘመዶቼ፣ እዚሁ ያሉ ሆቴሎችና ሾፌሮች ተቀላቅለው ተመዝግበዋል። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌያለሁ። ስልክ ስቀይር የአንዳንዶቹ ስም ተቆርጦ ቀረ፤ አንዳንዱ ቁጥር ዋትስአፕ ላይ አይወጣም፤ ለአንድ ቻይናዊ ደንበኛ ስጽፍ የቤተሰብ ስሙን የራሱ ስም መስሎኝ ጠራሁት፤ ወደ ሙኒክ የላክሁት ፖስታም ተመልሶ መጣ። ከምን ልጀምር?»

ከስልክ ቁጥሩ ይጀምሩ። ስም ቢሳሳት ሰው አንብቦ ይረዳዋል፣ አድራሻ ቢጎድልም ደውሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ቁጥሩ ግን ስልኩ ራሱ የሚሠራበት ነገር ስለሆነ አንድ አሃዝ ከተዛባ የቀረው መረጃ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ደንቡ አንድ ነው፤ ማንኛውም ቁጥር፣ የጎረቤትዎም ቢሆን፣ በመደመር ምልክት ተጀምሮ፣ የአገሩ መለያ ተከትሎ፣ በአገር ውስጥ ሲደወል የሚቀድመው ዜሮ ወጥቶለት ይጻፍ። የመደመር ምልክቱን የሚያገኙት የዜሮን ቁልፍ ትንሽ አቆይተው በመጫን ነው። በዚህ መሠረት በ09 የሚጀምረው የእኛ ቁጥር +251 9 ብሎ፣ በ07 የሚጀምረው +251 7 ብሎ፣ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ደግሞ +251 11 ብሎ ይቀጥላል። አጻጻፉ ኢ.164 በሚባለው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ የተወሰነ ሲሆን፣ ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያሉት አሃዞች የአገሩን መለያ ጨምሮ ከ15 አይበልጡም። ከዚያ የረዘመ ቁጥር ማውጫዎ ውስጥ ካገኙ ሁለት ቁጥሮች ተጣብቀዋል፣ ወይም የቢሮ የውስጥ መስመር ተቀጥሎበታል ብለው ይጠርጥሩ።

እዚሁ ከተማ ላለ ሾፌር የአገር መለያ መጻፍ ትርፍ ድካም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀድሞ ነገሩ እውነትነት ነበረው፤ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ በነበረበት ጊዜ የእኛ ሞባይል ሁሉ በ09 ይጀምር ስለነበር በ07 የሚጀምር ቁጥር ማውጫ ውስጥ ሲገኝ የውጭ መሆኑ ይታወቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን 07 የእኛም ሆኗል። የኬንያ ሞባይል በ07 ይጀምራል፣ ርዝመቱም እንደ እኛው 10 አሃዝ ነው፤ የስዊድንም እንደዚሁ። እንግዲህ «07» ብሎ የሚጀምር ያለ አገር መለያ የተቀመጠ ቁጥር የናይሮቢው አስጎብኚ ይሁን የስቶክሆልሟ የአክስት ልጅ ወይስ ትናንት ሲም የቀየረው ሾፌር፣ ስልኩ ሊያውቅ አይችልም። ዋትስአፕ ያለ መለያ የተጻፈን ቁጥር ሁሉ የእርስዎ አገር ቁጥር አድርጎ ስለሚወስደው፣ የኬንያው ሰው ያልታየዎት ወይም ጭራሽ የማያውቁት ሰው ፎቶ የወጣልዎት በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ ራስዎ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ወርደው በዚያ አገር ሲም ሲደውሉም በ09 የተመዘገበው ሁሉ አይሠራልዎትም።

ዜሮውን የማውጣቱ ደንብ ግን ጣሊያን ላይ አይሠራም። የሮም መደበኛ ስልክ በ06 ይጀምራል፤ ከውጭ ሲደወልም ዜሮው አይወጣም፣ +39 06 ብሎ ይቀጥላል። የጣሊያን ሞባይል በ3 ስለሚጀምር ጉዳዩ አይመለከተውም። ጀርመኖችና እንግሊዞች ደግሞ በንግድ ካርዳቸው ላይ ብዙ ጊዜ ዜሮውን በቅንፍ ውስጥ አስገብተው፣ ለምሳሌ የሙኒክን ቁጥር +49 (0) 89 ብለው ይጽፉታል። ቅንፉ «አገር ውስጥ ከሆንክ ዜሮውን ጨምር» ለማለት ለሰው ዓይን የተቀመጠ ነው፤ ከካርዱ ሲገለብጡ ቅንፉንም ዜሮውንም ይተዉት። የአሜሪካና የካናዳ ቁጥር ከ+1 በኋላ 10 አሃዝ ሆኖ ያልቃል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚደርስ አንድ መሳሳትም እርስዎን በቀጥታ ይነካዎታል። አሜሪካ ያለ ሰው ከመደበኛ ስልክ ወደ ውጭ አገር ለመደወል የሚጫነው መነሻ 011 ነው፤ የአዲስ አበባም መለያ 011 ነው። ቢሮዎ በ011 55 የሚጀምር መስመር ቢኖረውና በማስታወቂያዎ ላይ እንዲሁ ቢያትሙት፣ ከአትላንታ የሚደውለው ደንበኛ 011ን እንደ ውጭ መስመር መክፈቻ ይቆጥርና 55ን የአገር መለያ አድርጎ ወደ ብራዚል ይደውላል። በራስዎ ካርድና በኢሜይልዎ ግርጌ ላይ +251 11 ብለው መጻፍ ያለብዎት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። የብዙዎቻችንን ማውጫ ብንከፍት «ሳሚ ጀርመን»፣ «አልማዝ ዱባይ»፣ «ከበደ ጋራዥ»፣ «ዶ/ር ልደታ»፣ «ሚስተር ሊ አስፋልት» የሚሉ ስሞች እናገኛለን። ይህን ልማድ የሚያንቋሽሹ የኮምፒውተር ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰው የሚያስታውሰው ሥራውን ወይም ያለበትን አገር ነውና ማስታወሻው አስፈላጊ ነው። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። «ጀርመን» የአባት ስም ረድፍ ውስጥ ሲገባ ለስልኩ የሳሚ አባት ጀርመን ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ማውጫ ተነሥተው የፖስታ አድራሻ ሲያትሙ ወይም ለሆቴል የእንግዶች ዝርዝር ሲልኩ ሳሚ ጀርመን ተብሎ ይሄዳል። አገሩን የአድራሻው የአገር ረድፍ ውስጥ፣ ጋራዡን ወይም መሥሪያ ቤቱን የድርጅት ረድፍ ውስጥ ያስገቡት። በእነዚህም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ የድርጅቱን ስም ማውጫው መፈለጊያ ላይ ሲጽፉ ሰውየው ይወጣል። «ደንበኛ»፣ «ሆቴል»፣ «ሾፌር» የሚል ምደባ ከፈለጉ ደግሞ በጉግል ማውጫም ሆነ በአይፎን ሰዎችን በቡድን መመደብ ይቻላል።

ስልኮች የሰው መረጃ የሚለዋወጡበት ቪካርድ የሚባል የፋይል ዓይነት ስምን በአምስት ክፍል ነው የሚይዘው፦ የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ ተጨማሪ ስሞች፣ ከስም የሚቀድም ማዕረግ እና ከስም የሚከተል ማዕረግ። ከእነዚህ ተለይቶ ሙሉው ስም እንደሚጻፍበት ሆኖ የሚቀመጥበት ሌላ መስመር አለው። «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር»፣ «ኢንጂነር» የሚሉት ከስም በሚቀድመው የማዕረግ ረድፍ ውስጥ መግባት ሲገባቸው እኛ ከስሙ ጋር አንድ ላይ እንጽፋቸዋለን፤ በዚህ የተነሣ «አቶ» የተባሉት ሁሉ አ ሥር፣ ሐኪሞቹ ሁሉ ዶ ሥር ተሰልፈው ይቀመጣሉ። «ጋሼ» እና «እትዬ» ግን የቤተሰብ መጥሪያ ናቸውና እዚያው የቅጽል ስም ረድፍ ውስጥ ይቀመጡ፤ በእነርሱም ይፈለጋል።

ለኢትዮጵያውያን ስም የማቀርበው ምክር የራስን ስም በመጀመሪያው ረድፍ፣ የአባትን ስም በመጨረሻው ረድፍ ማስገባት ነው፤ የአያት ስም ካለ ከአባት ስም ቀጥሎ በዚያው በመጨረሻው ረድፍ ውስጥ ይጻፍ። አያትን በመካከለኛው ረድፍ የሚያስገቡ አሉ፤ ያን ጊዜ ስልኩ አያቱን ከአባቱ አስቀድሞ ያሳያል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑ እርግጥ ነው፤ ስልኩ የሚያውቀው ሌላ ቦታ ስለሌለ ግን እናስገባዋለን፣ ከዚያም በቅንብሩ ውስጥ ማውጫው በራስ ስም እንዲደረደር እናዛለን። በአይፎን በኮንታክት ቅንብር ውስጥ የአደራደርና የአቀራረብ ቅደም ተከተል የሚሉ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች አሉ፤ ሁለቱንም በራስ ስም ያድርጓቸው። በጉግል ማውጫም ተመሳሳይ ሁለት ምርጫዎች ይገኛሉ። ይህ ሳይስተካከል ሲቀር ነው «ሰላም» የምትባለዋን ሰው ሰ ላይ ፈልገው ያጡት፤ በአባቷ ስም ተደርድራ ሌላ ቦታ ተቀምጣለች።

ባለ ሁለት ቃል ስሞች ላይ ይጠንቀቁ። ወልደ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ተክለ ሃይማኖት አንድ ስም ናቸው፤ አብዱል ራህማንም እንደዚሁ። ስሙን በሙሉ በአንድ ረድፍ ሲጽፉለት ራሱ የሚከፋፍል ስልክ ግን የመጨረሻውን ቃል ቆርጦ ወደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል፤ ወልደ የሚባል ሰው አባቱ ማርያም ሆኖ ይመዘገባል። እንዲህ ያለውን ስም ከተቻለ አጣብቀው ይጻፉት፤ ካልሆነም የስሙን ዝርዝር ረድፎች ከፍተው እያንዳንዱን በየቦታው ራስዎ ያስገቡት።

የሌሎቹ አገሮች ልማድ በየፈርጁ የተለያየ ነው። ቻይናውያን፣ ኮሪያውያን፣ ጃፓናውያን፣ ቬትናማውያንና ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ። ዋንግ ዌይ የሚባል ሰው ቢኖር ዋንግ ቤተሰቡ፣ ዌይ እርሱ ነው፤ በክብር ሲጠራ አቶ ዋንግ ይባላል። ይህን የሚያወሳስበው ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ካርዳቸው ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው መጻፋቸው ነው፤ የጃፓን መንግሥት እንኳ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው በመንግሥት ሰነዶች ላይ በላቲን ፊደልም የቤተሰብ ስም እንዲቀድም ያደረገው። ስለዚህ ከካርዱ ብቻ አይገምቱ። ስፔናውያን ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ በተለመደው አጻጻፍ የአባት ይቀድማል፣ የእናት ይከተላል፣ በአጭሩ ሲጠሩም በፊተኛው ነው። ሁለቱም በመጨረሻው ረድፍ ውስጥ አንድ ላይ ይግቡ፤ አንዱን ወደ መካከለኛው ረድፍ ከወሰዱት ሰውየውን በእናቱ ቤተሰብ ስም ይጠሩታል። ለእኛ ልማድ የሚቀርቡት አይስላንዳውያን ናቸው፤ አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም ሳይሆን ከአባት ወይም ከእናት ስም የተሠራ መጠሪያ ስላላቸው የአገሩ የስልክ ማውጫ እንኳ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። የሶማሌና የኤርትራ ደንበኞች ስምም እንደ እኛው በራስ፣ በአባትና በአያት የሚቀጥል ነው።

ለጉዞ ወኪል አንድ አስተማማኝ መለያ አለ። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር፣ ከሰነዱ ዓይነትና ከአገሩ መለያ ቀጥሎ፣ አገሩ የቤተሰብ ስም ብሎ የያዘው ይቀድማል፤ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች (<<) ይከተሉና ከዚያ የራስ ስም ይመጣል። ለቲኬት የሚያስፈልገው ይኸው አከፋፈል ነው፤ ኢትዮጵያዊ ተጓዥም ቢሆን በፓስፖርቱ ላይ የተከፈለበትን እንጂ እርስዎ በማውጫዎ ውስጥ የከፈሉበትን አይጠቀሙ። በእነዚህ መስመሮች ስም የሚጻፈው ተጨማሪ ምልክት በሌለባቸው የላቲን ፊደላት ብቻ ስለሆነ ጀርመኖች በላዩ ሁለት ነጥብ ያለበትን ዩ (ü) በዩና በኢ (ue) ተክተው ይጽፉታል፤ ሙለር የሚለው ስም ከላይ አንድ ዓይነት፣ ከታች ሌላ ዓይነት ሆኖ ቢያዩት ስሕተት አይደለም። በማውጫዎ ውስጥ ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ነጥቦቹን ጨምረው ያስቀምጡት፤ ሰው ስሙ በትክክል ተጽፎ ሲያይ ደስ ይለዋል።

በየትኛው ፊደል ይጻፍ ለሚለው፣ የእኔ ፍርድ የባለቤቱ ፊደል ዋና ይሁን የሚል ነው። የኢትዮጵያውያኑን በግዕዝ ፊደል፣ የጀርመኑንና የጣሊያኑን በላቲን ፊደል ይጻፉ። ለውጭ ዜጎች የስሙን አነባበብ በአማርኛ የሚጽፉበት ረድፍ በአይፎንም በአንድሮይድም አለ፤ ረድፍ ጨምር ከሚለው ውስጥ ያገኙታል። ለፖላንዳዊ ወይም ለቻይናዊ ስም ይህ ረድፍ እጅግ ይጠቅማል፣ ረዳትዎ ስልኩን ስታነሣ ስሙን በትክክል ትጠራለችና። ለኢትዮጵያውያኑ ደግሞ በፓስፖርታቸው ያለውን የላቲን አጻጻፍ በቅጽል ስም ረድፍ ውስጥ ያኑሩት። ስልኩ የተቀናበረበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ በአብዛኛው የላቲኑ ስም ሁሉ ቀድሞ፣ በእኛ ፊደል የተጻፈው ሁሉ ከዝርዝሩ ግርጌ ይከማቻል፤ ያን ጊዜ ወርዶ መድረስ አድካሚ ስለሆነ በላቲኑ አጻጻፍ መፈለጉ ይቀላል።

በመፈለጊያውም ቢሆን ኃይሉን ለማግኘት ሀይሉ ብለው ቢጽፉ ላይወጣልዎት ይችላል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለዩኒኮድ፣ ማለትም ስልኮችና ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር ለሚለዩበት ሥርዓት፣ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቢሮው በሙሉ አንድ አጻጻፍ ይምረጥ፤ ሰውየው ራሱ ስሙን በተለየ ፊደል የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ የእርሱ በስሙ ረድፍ፣ የቢሮው በቅጽል ረድፍ ይግባ።

ስልክ ሲቀይሩ ስሞቹ የተቆረጡት ሲም ካርድ ላይ ስለተቀመጡ ይመስለኛል። ሲም ለእያንዳንዱ ስም የሚመድበው ቦታ ጥቂት ነው፤ 14 ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ) የሚመድብ ከሆነ በላቲን 14 ፊደል ሲይዝ፣ ለእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድና አንዱ ባይት ለምልክት ስለሚውል 6 ፊደል ብቻ ይቀራል። «ገብረመድኅን» 7 ፊደል ነው። አድራሻ፣ ድርጅትና ማዕረግ ደግሞ ሲም ላይ ቦታቸው የለም። ከዚህ በኋላ አዲስ ሰው ሲመዘግቡ ስልኩ የት ላስቀምጥ ብሎ ከጠየቀዎት ሲምን አይምረጡ፤ በቢሮው የጉግል ወይም የአይክላውድ መለያ ውስጥ ይግባ።

የሙኒኩ ፖስታ የተመለሰው በስሙ ሳይሆን አይቀርም። ጀርመን ውስጥ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የቤት በር ቁጥር መጻፍ የተለመደ አይደለም፤ የመንገዱ ስም ይቀድማል፣ የሕንፃው ቁጥር ይከተላል፣ ከዚያ በሚቀጥለው መስመር ባለ 5 አሃዙ የፖስታ ኮድ ከከተማው ስም በፊት ይጻፋል። ፖስተኛው ከብዙ የደብዳቤ ሳጥኖች መካከል የሚለየው በሳጥኑ ላይ በተለጠፈው የቤተሰብ ስም ነው። እርስዎ በራሱ ስም ብቻ ከላኩለት፣ ወይም ሰውየው በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ቤት የሚኖር ከሆነ፣ መንገዱም ቁጥሩም ትክክል ሆኖ ደብዳቤው ይመለሳል። ከሌላ ሰው ጋር ለሚኖር ደንበኛ የቤቱ ባለቤት ስም ከስሙ ሥር «በእገሌ በኩል» ተብሎ መጨመር አለበት።

አድራሻ ሲያስገቡ ከታች ከአገሩ ይጀምሩ እንጂ ከላይ ከመንገዱ አይጀምሩ። አይፎን ላይ አገሩን ሲመርጡ የረድፎቹ ቅደም ተከተልና መጠሪያ እንደዚያ አገር ልማድ ይለወጣል፤ አሜሪካ ሲሉት ክፍለ ግዛትና የፖስታ ኮድ፣ ጣሊያን ሲሉት አውራጃ ይጠይቅዎታል። አገሩን «ግልጽ ነው» ብሎ ባዶ የሚተወው ብዙ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ግን ግብፅ ውስጥም አለች፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ውስጥም አለች። የአሜሪካ አድራሻ የቤቱን ቁጥር ከመንገዱ ያስቀድማል፣ የአፓርታማ ቁጥርም ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ አይደርስም። የእንግሊዝ የፖስታ ኮድ ከከተማው በታች ለብቻው በመስመር ይቀመጣል። ለቻይናና ለጃፓን ደንበኞች ሁለት አድራሻ ይያዙ፤ አንዱ በላቲን ፊደል፣ ሌላው ደንበኛው በራሱ ፊደል ጽፎ እንደላከልዎት ሳይነካ የተለጠፈ። በራሳቸው ፊደል ሲጽፉት ከትልቁ ቦታ ወደ ትንሹ ነው የሚወርዱት፤ እዚያ ያለው አድራሽ የሚያነበውም ይህንኑ ነው። ፖስታው ላይ የመድረሻው አገር ስም በመጨረሻው መስመር ለብቻው በትልልቅ ፊደል ይጻፍ።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የፖስታ ኮድ የላቸውም፤ የድርጅት ደብዳቤ የሚሄደው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። የዱባይን አድራሻ ሲሞሉ የኮዱን ረድፍ ባዶ ይተዉት እንጂ የስልክ መለያውን 971ን አይጻፉበት፤ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ።

የእኛም ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል ከቸርችል ጎዳናው ዋና ፖስታ ቤትም ሆነ ከቅርንጫፎቹ የምንቀበለው በሳጥን ነው። ስልኩ የፖስታ ሳጥን የሚል ለብቻው ረድፍ ቢኖረውም አይጠቀሙበት። የቪካርድ 4.0 ድንጋጌ ራሱ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ የፖስታ ሳጥንና የተጨማሪ አድራሻ ክፍሎች ባዶ እንዲተዉ ይመክራል፤ ምክንያቱም መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ስለሚያነቧቸው መረጃው ሲተላለፍ ይጠፋል። የሳጥኑን ቁጥር በመንገድ ረድፍ ውስጥ በሁለተኛ መስመር ይጻፉት፤ በመጀመሪያው መስመር ክፍለ ከተማው፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ፣ በሦስተኛው የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የቢሮ ቁጥሩ ይሁን።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ሰፈር የሚገባ ጉዳይ አለ። በማውጫዎ ውስጥ ያሉ የፒያሳና የካዛንቺስ አድራሻዎች ብዙዎቹ «ልዩ ቦታ» ተብለው በአጠገባቸው በነበረ ሱቅ፣ ቡና ቤት ወይም ሕንፃ የተገለጹ ይሆናሉ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ሥራ ከእነዚህ መለያዎች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ድርጅቶቹም ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውረዋል። አሮጌውን አድራሻ ወዲያው አይሰርዙት፤ «የቀድሞ» የሚል መጠሪያ ሰጥተው አዲሱን ሁለተኛ አድራሻ አድርገው ያስገቡ፣ ያረጋገጡበትንም ቀን ይጻፉ። የቆየ ደረሰኝ ወይም ውል ሲመጣ የትኛው ድርጅት እንደሆነ የሚለዩት በአሮጌው ነው። ለአዲሱ ቦታ የጎዳና ስም ከሌለ የጉግል ካርታን ፕላስ ኮድ፣ ማለትም ቦታውን የሚለይ የፊደልና የቁጥር ኮድ፣ ይጠቀሙ፤ ከከተማው ስም ጋር ሲጻፍ አጭሩ ኮድ ብቻ ይበቃል፣ ሾፌሩም ካርታው ላይ ሲጽፈው በቀጥታ ይወስደዋል።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል ማውጫውን ወደ ኤክሴል አውጥተው በጅምላ ለመሥራት ያስቡ ይሆናል። ይቻላል፤ ነገር ግን ኤክሴል ቁጥርን ቁጥር አድርጎ ስለሚያነብ የመደመር ምልክቱንና የፊተኛውን ዜሮ ይጥላል፣ 12 አሃዝ ያለውን የእኛን ቁጥር ደግሞ 2.51 ብሎ በአሥር ርቢ አሳጥሮ ያሳያል፤ በዚያው መልክ በሲኤስቪ (ሠንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚይዝ ፋይል) ካስቀመጡት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ተመልሰው አይገኙም። የማሳቹሴትስ የፖስታ ኮድም በዜሮ ስለሚጀምር 4 አሃዝ ሆኖ ይቀራል። ፋይሉን በቀጥታ በመክፈት ፋንታ መረጃ አስገባ በሚለው መንገድ አስገብተው የቁጥርና የኮድ ዓምዶችን «ጽሑፍ» ያድርጓቸው፤ ሲያስቀምጡም የእኛንም ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 የሚለውን አጻጻፍ ይምረጡ፣ አለበለዚያ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። መጠኑ ጥቂት መቶ ከሆነ ግን እኔ በኮምፒውተር ላይ በጉግል ማውጫ ገጽ አንድ በአንድ ማረሙን እመርጣለሁ። ያ ገጽ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወደነበረበት ሁኔታ ለመመለስ ያስችላል፤ ቢሆንም ከመጀመርዎ በፊት ሙሉውን ማውጫ በቪካርድ አውጥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

የሚደጋገሙ ስሞችን ስልኩ «ላዋሕዳቸው?» ብሎ ሲጠይቅዎት ሁሉንም በአንድ ጊዜ እሺ አይበሉ። መሐመድ አሕመድ የሚባሉ ሦስት ደንበኞች ሊኖሩዎት ይችላሉ፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ከተዋሐዱ የጅዳው ቁጥር ከድሬዳዋው አድራሻ ጋር ይጋባል። ቁጥራቸው አንድ የሆኑትን ብቻ ያዋሕዱ።

የፓስፖርት ቁጥርና የፓስፖርት ፎቶ በማስታወሻ ረድፍ ውስጥ አያስቀምጡ። ማውጫዎን እንዲያይ የፈቀዱለት መተግበሪያ ከስልክ ቁጥር ያለፈ ብዙ ነገር ሊያነብ ይችላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የደንበኞችን መረጃ በአግባቡ መያዝ በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው።

በተግባር ሲጀምሩ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚመጡትን ደንበኞች ያስቀድሙ፤ ቁጥራቸውን፣ ከዚያ ስማቸውን፣ ከዚያ አድራሻቸውን ያርሙ፣ የስሙን አከፋፈል የተጠራጠሩበትንም «ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የቱ ነው?» ብለው በመልእክት ይጠይቁት። ሲሙ ላይ ያለውን ቅጂ የሚያጠፉት ሁሉም በመለያዎ ውስጥ መግባቱን በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ከፍተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ነው።